የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ

የምኖረው ከማተሚያ ቤት በላይ ነው። ቤቴ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወለሉን ያያል፤ ከታች ማሽኑ ሲሠራ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። "አንቺ ደግሞ፣ ከስንት ቤት መርጠሽ ይሄን!" ይሉኛል። ኦቲዝም ያለባት ሴት የሚስማማት ወፍ ብቻ የሚሰማበት ገጠር ነው ብለው ያምናሉ። አንዷ ወዳጄማ በደግነቷ የገጠር ቤት ማስታወቂያ ከጋዜጣ ቆርጣ አምጥታልኛለች። አመስግኜ ተቀበልኳት። ገጠሩንም ጸጥታውንም በልጅነቴ ኖሬበታለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ይሄን ለእሷ ማስረዳት ግን ረጅም ወሬ ነው።

ያኔ የኔ ነገር ስም አልነበረውም። ቃሉን ያገኘሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። እማዬ "ጆሮዋ ስስ ነው" ትል ነበር፣ አስተማሪዬ "እልኸኛ ናት" ትል ነበር፣ ጎረቤቶች ደግሞ ከንፈራቸውን መጥጠው ያልፋሉ። ከተማ ውስጥ የተከራየነው ቤት ከመኪና ጋራዥ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። የተጋጨ መኪና የሚያቃናው ሠራተኛ መዶሻውን ሲያነሳ እኔ ጆሮዬን ይዤ አልጋ ሥር እገባለሁ። እጮሃለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰውነቴ እስኪረጋጋ ድረስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እወዛወዛለሁ። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሥራዋን አቋርጣ አጠገቤ ትንበረከክና፣ መነካት እንደማልወድ ስለምታውቅ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። አባቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለነበር ቤት ሲገኝ የተጠራቀመው ጉዳይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወራል።

"ጋሼ ጋ እንሄዳለን" አለች እማዬ። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው። "ርዕሰ መምህሯም ጸጥ ያለ ቦታ ውሰጃት ብላኛለች። እዚያ እኮ ምንም የለም።"

"ምንም ከሌለ ምን ልትሠሩ ነው?"

"እሷ ትትረፍልኝ እንጂ ለሌላው አልጨነቅም።"

የሚነገረኝን እንዳለ የምወስድ ልጅ ነበርኩ። ምንም የሌለበት ቦታ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞክሬ አቃተኝ፤ መቀመጫም፣ ወለልም የለም ማለት ነው? ደግሞስ የምተርፈው ከምንድን ነው? የሆነ ነገር ሊመጣብኝ እንደሆነና እኔ ብቻ እንዳልተነገረኝ ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትልልቆቹን በጥንቃቄ መከታተል ያዝኩ።

አባቴ ዕቃችንን በሚነዳው የጭነት መኪና አድርሶ አራገፈልን። እማዬን አቀፈ፤ የኔን ጭንቅላት ሊዳብስ እጁን ዘረጋና ትዝ ሲለው መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሄደ።

ጋሼ ትልቅ ሰውዬ ነበር፣ ቅንድቡ መሃል ዱቄት የማይጠፋ። አንድ ቃል ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሚስቱ እትዬ ታዲያ የእሱንም ድርሻ አጠቃልላ ታወራለች። በሩ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ ካየችኝ በኋላ "ይቺን ለምታክል ነው ይሄ ሁሉ?" አለች። ጋሼ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ዝም አለች። ለእትዬ ዝም ማለት ቀላል ነገር አልነበረም፤ የምትደብቀው ነገር እንዳለ ወዲያው ጠረጠርኩ።

አዲስ ቤት ስገባ ዛሬም የማደርገውን ያኔም አደረግኩ፤ እየዞርኩ እያንዳንዱን ዕቃ አየሁ። ምኑ የት እንዳለ ካወቅኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሳሎኑ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ የናስ ሳህን የሚወዛወዝበት የግድግዳ ሰዓት ነበር። በረንዳው ላይ የጋሼ ተወዛዋዥ ወንበር አለ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ነፋስ ሲመጣ ወዲያና ወዲህ የምትል የቆርቆሮ ወፍ አለች። በጓሮ በኩል ደግሞ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ትልቅ የቆርቆሮ ክፍል አለ፤ በሩ ላይ የጡጫ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ሰዓቱ ፊት ቆሜ ራት እስኪቀርብ አየሁት። ሳህኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። እዚህ ቤት ቢያንስ አንድ ቃሉን የሚያከብር ነገር አለ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዓቱ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ከሌላው ቀለም የነጣ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

"ሰዓቱ የት ሄደ?" አልኩ።

ጋሼ ሻዩን ማማሰሉን አቆመ። "የቱ ሰዓት?"

"እዚህ የነበረው።"

"እ... ሰዓት ነበር እንዴ?" ብሎ ሚስቱን አየ። እትዬ ጣሪያውን አየች። እማዬ ዳቦውን አየች።

ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተባብረው ሲዋሹ ያየሁት ያኔ ነው። ምክንያቱን የሰማሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከእማዬ ነው። ገና ሳንመጣ "ለእሷ ተብሎ መሆኑን እንዳትነግሯት፤ ሸክም የሆነች ይመስላታል" ብላ አስምላቸው ነበር። ጋሼ ውሸት የማይችል ሰው ነው። ለኔ ሲል ሞከረ፤ እንደምታዩት አልተሳካለትም።

ከዚያ በኋላ ዕቃው አንድ በአንድ መጥፋት ጀመረ። የግቢው የብረት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ያቃስት ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ዘይት ቀባው፤ አልሆነለትም መሰለኝ ነቅሎ ወሰደውና ግቢው ክፍቱን ቀረ። በር በሌለው ግቢ ውስጥ ማንም ገብቶ ማንንም ይዞ ሊሄድ ይችላል ብዬ ፈራሁ። ቀጥሎ የቆርቆሮዋ ወፍ ከጣሪያው ወረደች። በየማለዳው ይጮህ የነበረው አውራ ዶሮም ስለጠፋ የት እንዳለ እትዬን ስጠይቃት "ሄደ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"ዘመድ ጥየቃ።"

"ዶሮ ዘመድ አይጠይቅም።"

"ኧረ በቃ፣ ወይዘሪት ፖሊስ! ጨረስኩ፣ ቃሌን ሰጠሁ!" ብላ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አፏን በመዳፏ ያዘች። ስሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሪት ፖሊስ ሆነ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ስሙን እወደው ነበር።

ቤት ውስጥ ሁሉም በካልሲ መሄድ ጀመሩ። እኔ በካልሲ የሚሄድ የማውቀው አባቴ በሚያወራልን ወሬ ውስጥ ያለ ሌባ ብቻ ነበር። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ እኔ ስገባ እሱም ይቆማል። ጸጥታው ራሱ የሚያስፈራ ነበር። ጆሮዬ የሚይዘው ነገር አጥቶ ይንከራተታል። ድንገት ሩቅ ቦታ ውሻ ይጮሃል፣ ከዚያ ምንም። ድንገት ማንኪያ ይወድቃል፣ "እሽ!" ይባባላሉ፣ ከዚያ ምንም። ቀኑን ሙሉ ትከሻዬን ሰብስቤ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ጋራዡ ቢያንስ በየት በኩል እንዳለ ይታወቅ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት እህል የጫነ አህያ እየነዳች ግቢ ገባች። "ባለወፍጮ! ኧረ ባለወፍጮ!" ብላ ተጣራች። ጋሼ በካልሲው ሮጦ ወጣ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ክንዷን ይዞ ወደ መንገዱ መለሳትና በጆሮዋ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። እጁን ወደ ወንዙ ማዶ ዘረጋ። ሴትዮዋ ዘወር ብላ በረንዳ ላይ የቆምኩትን እኔን አየችኝ፤ ከንፈሯን መጠጠች፤ አህያዋን እየነዳች ወደ ማዶ ሄደች። ሌሎችም መጡ፣ በጆሮአቸው ተነገራቸው፣ እኔን አዩኝ፣ ሄዱ። ጋሼ የሆነ ነገር ስለ እኔ እየነገረ ሰዉን እያሸሸ ነው አልኩ። ማዶ ሌላ ወፍጮ እንዳለና ጋሼ የገዛ ደንበኞቹን በገዛ አፉ ወደ ተፎካካሪው እየላከ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ባለወፍጮ መባሉን ሰምቻለሁ፤ ወፍጮ የሚባለውን ነገር ግን አይቼው አላውቅም፤ ድምፁንም አልሰማሁም። እኛ በመጣንበት ቀን ጠዋት ነው ያቆመው።

ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ጉንዳን ስመለከት ደግሞ ይሄን ሰማሁ።

"ሰዉ ሁሉ ወደ ማዶ ሄዶ አለቀ" አለች እትዬ። የእሷ ሹክሹክታ ከሌላ ሰው ጩኸት አያንስም። "እስከ መቼ ነው?"

"እስክትለምድ።"

"ስትለምድስ? ያን ጊዜ ልታስነሳው ነው? እሱ ሲነሳ እሷ ምን ልትሆን?"

ጋሼ "እንግዲህ ከሁለት አንዱ መውጣት አለበት" አለ።

"እኔ እኮ እሷኑ—"

"ቀስ በይ፣ ትሰማለች!"

"ትስማ! መስማቷ አይደል እንዴ ችግሩ?"

ከሁለት አንዱ መውጣት አለበት። አንዷ እኔ መሆኔን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ሌላኛው ማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እትዬ "እኔ እኮ እሷኑ" ያለችው እሷኑ እናስወጣ ልትል ነው ብዬ በልቤ ያዝኩባት። ለረጅም ጊዜ ከእጇ ምንም አልቀበልም አልኩ።

የተቆለፈው ክፍል ቆርቆሮ ላይ ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳ ነበር። ዓይኔን ለጠፍኩበትና ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅኩ። ሰዓቱ ግድግዳ ተደግፏል፣ የናስ ሳህኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የግቢው በር አለ። የቆርቆሮዋ ወፍ ጆንያ ለብሳ ምንቃሯ ብቻ ይታያል። መሃል ላይ ከሁሉም የሚበልጥ ነገር ሸራ ተከናንቦ ተቀምጧል። ሁሉም ነገር ላይ ነጭ ብናኝ አለ፤ የሚንቀሳቀስ የለም። እስር ቤት አይቼ አላውቅም፤ ግን ይሄ እስር ቤት ነው አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የበረንዳው ወንበር ሄደ። ያን ወንበር ከማንም በላይ የምቀመጥበት እኔ ነበርኩ፤ እግሩ የበረንዳውን ጣውላ እየመታ ቋ፣ ቋ ይላል። ምክንያቱ የበራልኝ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ መሬት ቁጭ ብዬ ነው። ሰዓቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። በሩም ወዲያና ወዲህ። ወፏም። አውራ ዶሮው እንኳን ሲራመድ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። አሁን ደግሞ ወንበሩ። ጋሼ የሚያወጣው የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ ነው። ይሄን ሳስብ እኔም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዝኩ ነበር።

ሌላ ልጅ ቢሆን "የሚጮህ ነገር ሁሉ ነው" ብሎ ይገባው ይሆናል። ለእኔ ግን የሰዓቱ ድምፅና የሰዓቱ ውዝዋዜ ሁለት ነገር አልነበሩም። ጩኸት ብዬ የማውቀው ጋራዡን ነው። ቋ፣ ቋ የሚል ወንበር ማንን ያስከፋል?

መወዛወዝ አቆምኩ። እንዲህ ስናገረው ቀላል ይመስላል። እጄን ከቂጤ ሥር አድርጌ እቀመጥበታለሁ፣ የጉንጬን ውስጥ እነክሳለሁ፣ ዓይኔን አንድ ሚስማር ላይ ተክዬ ትንፋሼን እይዛለሁ። ውስጤ ክዳኑ የተጫነው ድስት ነበር። በጣም ሲብስብኝ ጓሮ ካለው የማገዶ ክምር ጀርባ እሄድና ማንም ሳያየኝ እንደ ሌባ ፈጠን ፈጠን ብዬ ተወዛውዤ እመለሳለሁ። ትልልቆቹ ፊት ግን እንደ ተተከለ እንጨት ነኝ።

እነሱ ደግሞ ደስታቸውን አልቻሉትም። "አየሃት? አየሃት እንዴት እንደተረጋጋች?" ትላለች እማዬ፤ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ጋሼ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ ይላል። አባቴ ሊጠይቀን ሲመጣ በረንዳው ላይ ደርቄ ተቀምጬ አገኘኝና "ምን አድርጋችኋት ነው? ሌላ ልጅ ሆናለች እኮ!" አለ። እኔ ይሄንንም እንዳለ ወሰድኩት። ሌላ ልጅ ከመጣች የበፊቷ ወጥታለች ማለት ነው። አባቴ በአዲሷ ደስ ብሎት ሄደ።

እትዬ ብቻ ደስ አላላትም። ምግብ ስታቀርብልኝ ፊቴን ትኩር ብላ ታያለች። "ይቺ ልጅ ጉንጯን ምን ነክቶት ነው?" አለች አንድ ቀን። "ደም አለው እኮ። ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?" እንዳትመረምረኝ አፌን ገጠምኩ። እሷንም በጠላትነት መዝግቤያት ነበርና። ዛሬ ሳስበው እዚያ ቤት ውስጥ በቀጥታ ጥያቄ የጠየቀችኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ የእማዬ የልብስ ስፌት መኪና ሄደ። ከሰዓት በኋላ የተኛሁ መስሏቸው ነው። በመስኮት አየኋቸው፤ ጋሼ በአንድ በኩል፣ እማዬ በሌላ በኩል ይዘው ወደ ጓሮ ሲወስዱት። የእግር መርገጫው ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይላል። እማዬ መርገጫውን በእግሯ ስታሠራው ሥሩ ቁጭ ብዬ ያደግኩበት ነው፤ እሷ ስትሰፋ እኔም አብሬ እወዛወዝ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ዓይኗን እያጠበበች በእጇ ስትሰፋ አያታለሁ። ጋሼን ብቻ ስጠረጥር ቆይቼ እማዬም የእሱ ወገን መሆኗን በዓይኔ አየሁ። እንዲህ እየጠረጠርኳቸው ቁርስም ምሳም የምበላው ከእነሱ ጋር ነበር፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም። በጣም ከፍቶኝ ነበር።

ገዢው የመጣው በፒካፕ ነው፤ ገዢ መሆኑን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ንጹሕ ጫማ ያደረገ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ሰው። የመኪናው ጀርባ ባዶ ነበር፤ እኔ እጥፍጥፍ ብዬ እበቃበት እንደሆነ በዓይኔ ለካሁት። ጋሼ ከገዢው ጋር ቆሞ ጓሮውን በጣቱ ያሳየዋል። እትዬ በረንዳው ላይ በሻርፗ ዓይኗን ትጠርጋለች። እማዬ ጫማዬን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"ነይ እማ፣ እኔና አንቺ ወደ ወንዙ እንሂድ" አለች። ፈገግታዋ የአፏ ብቻ ነበር።

"ሰውዬው ምን ሊወስድ ነው?"

"ምንም። የጋሼ ጉዳይ ነው። ነይ፣ ቶሎ በይ።"

ምንም የሌለበት ቦታ መጥቼ ምንም ሊወስድ የመጣ ሰው አጋጠመኝ። እማዬ የጫማዬን ማሰሪያ ልትፈታ ስታጎነብስ ተነስቼ ሮጥኩ። ከኋላዬ ስትጣራ እሰማለሁ። የማገዶ ክምሩን አለፍኩ፤ ከቆርቆሮው ክፍል ጀርባ፣ ሣሩ በረዘመበት፣ ግድግዳውን ተደግፌ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። እጄን ከሥሬ አደረግኩ። ባልንቀሳቀስ አያገኙኝም። ሲከፈት አይቼው የማላውቀው ቁልፍ በወዲያኛው በኩል ሲከፈት ሰማሁ። ጋሼና ገዢው ገቡ። "እስቲ አስነሳውና ልየው" አለ ገዢው።

መጀመሪያ የመጣው በጀርባዬ በኩል ነው፤ ጆሮዬ ዘግይቶ ነው የሰማው። ዱግ። ከዚያ ዱግ... ዱግ... ከዚያ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ቆርቆሮው ትከሻዬን ይመታል፣ መሬቱ ከሥሬ ይመታል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፤ ከሌላው በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ያወቅኩት ይመጣል። ትከሻዬ ወረደ። እጄን ከሥሬ አወጣሁ። ስንት ጊዜ የያዝኩት ትንፋሽ እንደሆነ እንጃ፣ ወጣ።

እንዴት ተነስቼ ዞሬ እንደገባሁ አላስታውስም። ሸራው መሬት ወድቋል። መሃል ላይ የነበረው ትልቁ እስረኛ ተነስቷል፤ ጥቁር ሞተር፣ ትልቅ መንኮራኩር፣ ከመንኮራኩሩ ወደ ወፍጮው ድንጋይ የሚሄድ ሰፊ የጎማ ቀበቶ። ብናኙ በበሩ ብርሃን ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ፊቱ ቆሜ እወዛወዝ ነበር፤ በሙሉ አካሌ፣ በሰው ፊት፣ አፌን ከፍቼ እየሳቅኩ።

ጋሼ አየኝና ደነገጠ። እማዬ ከበሩ ላይ ደረሰች። "አጥፋው! ጋሼ፣ በሞቴ አጥፋው!" ብላ ጮኸች። ከጩኸቷ ይልቅ ፊቷ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ወር ሙሉ የገነባችው ሲፈርስ እያየች ነበር። ጋሼ ዘሎ ማጥፊያውን ሳበው። ዱግ... ዱግ... አለና ቆመ።

ያኔ ነው የጮኽኩት። እማዬ እየሮጠች መጥታ በሁለት እጇ ጆሮዬን ልትሸፍን ስትል ገፈተርኳት።

"ለምን አጠፋኸው? ሳትነግረኝ ለምን አጠፋኸው?"

ጋሼ እጁ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ቀረ። "አልረበሸሽም እንዴ?"

"ሳትነግረኝ አጠፋኸው!" መዶሻውም ሳይነግረኝ ነበር የሚመታው፣ ሳይነግረኝ ነበር የሚያቆመው፤ ይሄን ሁሉ ማለት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። የወጣልኝ ሌላ ነው። "እኔንስ መቼ ነው የምታወጣኝ?"

"ከየት?"

"ከቤቱ። የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ አወጣህ። ሰዓቱን አወጣህ። ወንበሩን አወጣህ። የእማዬን መኪና። እኔ እኮ አቁሜያለሁ! ከማገዶው ጀርባ ብቻ ነው የምወዛወዘው፤ እሱንም እተዋለሁ።"

 እማዬ ዱቄቱ ላይ ቁጭ አለች። ለመቀመጥ አስባ የተቀመጠች አትመስልም። ገዢው ቁልፉን ማሽከርከር አቁሞ ጫማውን ያያል።

"እኔ ምን አልኩህ?" አለች እትዬ ከበሩ ላይ። እያለቀሰች ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረጉን ግን ያኔ ተወችው። "ከመጣች ቀን ጀምሮ እሷኑ ጠይቋት አላልኩም? እኔ እኮ እሷኑ ጠይቋት ነው የምለው! ዶሮን እንኳን ሰው ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ይጠይቃል!"

ጋሼ በእጁ ፊቱን ከላይ እስከ ታች ጠረገው፤ ዱቄቱና እንባው ተለውሶ ቀረበት። ከዚያ የማስነሻውን ብረት ከግድግዳው አወረደ። "ላስነሳው ነው" አለኝ። ቃሉን ከደጋገመው በኋላ ቆሞ ጠበቀኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለት ጊዜ አዞረው፤ ሞተሩ ተነሳ።

ነገሩ ሁሉ በዚያች ቀን ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። ከማዶ የተመለሱት ደንበኞች ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጋሼ እስኪያረጅ ድረስ ወፍጮው ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። እማዬ ዛሬም ስታየኝ አንዳንዴ ድንገት "ከማገዶው ጀርባ" ትልና ዝም ትላለች። እትዬ በበኩሏ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅዋን ከነወለዱ አስከፈለችን። አባቴ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ በረንዳው ላይ ስወዛወዝ አግኝቶኝ "የድሮዋ መጣች" አለ፤ ደስ ብሎት ይሁን አዝኖ አላወቅኩም፤ ጠይቄው ነበር፣ እሱም አላውቅም አለኝ።

ያን ቀን ግን ሞተሩ እየሠራ እኔ ፊቱ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። እማዬ ከመሬት ሳትነሳ ታየኝ ነበር። መሄድና መምጣቴን እያየች ቀስ በቀስ፣ ሳታውቀው መሰለኝ፣ ትከሻዋ አብሮኝ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። ገዢው የእጅ ሰዓቱን አየ። ለጋሼ የሆነ ነገር ነገረው፤ ከሞተሩ የተነሳ አልተሰማም። ጋሼ ወደ ማጥፊያው ሄደና እጁን አስቀመጠበት። አልሳበውም። ትልቁን አካሉን አጎንብሶ ፊቱን ከፊቴ ጋር አስተካከለ፤ አልነካኝም።

"ላጠፋው ነው!" አለ ከሞተሩ በላይ እየጮኸ።

በሕይወቴ አንድ ድምፅ ከመቆሙ በፊት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። አሰብኩበት።

"ገና" አልኩት።

እጁን ከማጥፊያው ላይ አነሳ። ወደ ገዢው ዞሮ ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

"ሰሙ አይደል፣ ጌታው?" አለው። "ገና ነው አለች።"